የፍሪላንስ ሥራና ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠር ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር ለተለያዩ ደንበኞች የሚሠራ ሰው ባለበት ቤት ቅሬታ የሚበዛው ሥራው መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ ከሠራተኛው በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ቢሮ የሚሄድ ሰው ሲወጣም ሲገባም ይታያል። ተርጓሚው፣ ዲዛይነሩ፣ የሱቆችን ሒሳብ ከቤቱ ሆኖ የሚይዘው ግን ቀኑን ሙሉ ቤት አለ። ስለዚህ ልጅ ይጠራዋል፣ ጎረቤት ይጠራዋል፣ ቀን ያልተሠራው ሥራ ወደ ማታ ይገፋል፤ ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ደግሞ እሱ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል። የሚከተለው አሠራር ሰዓቱን ለቤቱ ሁሉ የታወቀ ለማድረግ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ትልቅ ወረቀት፣ ባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና እሑድ ማታ ባልና ሚስት አብረው የሚቀመጡበት 20 ደቂቃ ነው።

መጀመሪያ የማይነቃነቀውን ጻፉ

ወረቀቱን ሰባት ቦታ ክፈሉትና የቀኖቹን ስም ከላይ ጻፉ። ሥራችሁን ገና አትጻፉ። ቀድሞ የሚገባው እናንተ ልታዛውሩት የማትችሉት ነገር ነው፤ እሱን በቀይ አስፍሩት።

የልጆች ትምህርት ይቅደም። በፈረቃ የሚማሩ ከሆነ በዚህ ሳምንት የጠዋት ይሁኑ የከሰዓት አረጋግጡ፤ ፈረቃ በተቀየረበት ሳምንት የድሮውን ሰዓት ይዞ ከደንበኛ ጋር ቀጠሮ መያዝ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ቀጥሎ የትዳር አጋራችሁ ሰዓት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በሺፍት የሚሠራ ከሆነ የሳምንቱ ሺፍት ሳይታወቅ ወረቀቱ አይሞላም። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ የመንገዱን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ አታስሉ፤ የታክሲ ወረፋ አለ፣ ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ ቀስ ይላል። በክረምት "12 ሰዓት እገባለሁ" ያለ ሰው 1 ሰዓት ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ልጅ መቀበሉን ለእሱ አደራ ብላችሁ በዚያው ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ አትቀጥሩ።

ከዚያ ጸሎትና ማኅበራዊ ኑሮ ይግባ። ዓርብ ለጁምዓ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ፣ የቅሬ (የእድር) ስብሰባ ያለበት ቀን፣ የማኅበር ወይም የሰንበቴ ተራ። በአንድ ግቢ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚኖርበት አገር የጎረቤትም በዓል የእናንተው ቀን ስለሆነ አብሮ ይጻፍ።

በመጨረሻ የቤቱ ሥራ። የደሴ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው። "ለአፍታ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሰኞ ጠዋት ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው ከሰዓቱ ሳይሆን አይመለስም፤ ፍሪላንስ የሚሠራው ሰው ገበያውን ለሌላው ይተው፣ ወይም የሰኞን ጠዋት ከሥራ ሰዓቱ ላይ ይቀንስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ የሚመጣበትን ቀንና በርሜልና ጀሪካን የሚሞላውን ሰው ስም ጻፉ፤ ካልተጻፈ ሁልጊዜ ቤት ያለው ሰው ይሆናል።

እንጀራ መጋገሪያው ቀንም ከሥራው ጋር ይጋጫል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ የቤቱ መስመር ቀጭን ወይም ያረጀ ከሆነ ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ጠፍቶ ይነሳል። ቅዳሜ ጠዋት መጋገር ይሻላል። ለዚያ ሊጡ በደሴ ብርድ ረቡዕ ማታ መቦካት አለበት፤ ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ሐሙስ ማታ ይበቃል። ዓርብ ማታ አብሲቱን መጣል የማን ተራ እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ይግባ።

አሁን የሚሸጠውን ሰዓት ቁጠሩ

ቀዩ ከሞላ በኋላ ባዶ የቀረውን በሰማያዊ ያዙ። ልጆቹ ጠዋት የሚማሩበትን አንድ ቤት እንውሰድ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት፦ በቀን 3 ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 17 ሰዓት ተኩል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፦ 8 ሰዓት። ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፦ 3 ሰዓት። ድምሩ 28 ሰዓት ተኩል ነው።

ይህን ሁሉ ግን ለደንበኛ አትሽጡ። አምስት እጅ አድርጋችሁ አንዱን እጅ ለመብራት መጥፋት፣ ለታመመ ልጅና ለለቅሶ አስቀሩት፤ 23 ሰዓት ገደማ ይቀራል። ከዚያ ላይ መልእክት መመለስ፣ ዋጋ ማቅረብ፣ የክፍያ መጠየቂያ መላክና ፋይል ማደራጀት በሳምንት 4 ሰዓት ያህል ይበላል። ገንዘብ የሚያመጣው እንግዲህ 19 ሰዓት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት እንደሚሠራ አስቦ ሥራ የሚቀበል ሰው የጎደለውን 21 ሰዓት የሚያመጣው ከእንቅልፉና ከልጆቹ ላይ ነው።

19 ሰዓት በሥራ ሲመነዘር እንዲህ ነው። አንድ ተርጓሚ ረቂቁን፣ እርማቱንና የመጨረሻ ንባቡን ጨምሮ በሰዓት 300 ቃል ቢያወጣ በሳምንት 5,700 ቃል ይሠራል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት 6,000 ቃል "ለዓርብ" ብሎ የመጣ ደንበኛ ሳምንቱን ሙሉ ወስዶ ቅዳሜንም ነክቷል ማለት ነው። ሁለተኛ አስቸኳይ ሥራ በዚያው ሳምንት ከመጣ መልሱ "በሚቀጥለው ሳምንት" ነው። በእናንተ ሥራ በሰዓት ምን ያህል እንደሚወጣ የማታውቁ ከሆነ ለሁለት ሳምንት የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት በደብተር መዝግቡ፤ ሥራው የሚፈጀው ጊዜ በግምት ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ያንሳል።

የጠዋቱን ሰዓት ለከባዱ ሥራ ብቻ አውሉት፦ ለመጻፍ፣ ለዲዛይን፣ ለኮድ። መልእክትና ሒሳብ ወደ ከሰዓት ይሂድ። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ይበልጥ ይሠራል፤ ከሰዓት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት አእምሮ ያደክማል።

የደንበኛውን ሰዓት ወደ ቤታችሁ ሰዓት መልሱ

ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር የሚሠራ ሰው ሳምንቱ የሚበላሸው በዚህ ነውና እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ናት፤ ሳምንቷ ግን እሑድ ይጀምራል፣ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ። ቅዳሴ ለሚሄድ ቤት የሪያድ ደንበኛ ማለት እሑድ ጠዋት ስልክ ይጮኻል ማለት ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን "እሑድ ከ7 ሰዓት በኋላ እመልሳለሁ" ብላችሁ በእነሱ አቆጣጠር 13፡00 ብላችሁ ጻፉ። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ለንደን በበጋቸው በ2 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ3 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ኒው ዮርክ በ7 ወይም በ8 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ በ10 ወይም በ11 ሰዓት።

ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ የኒው ዮርክ ቢሮ የሚከፈተው በእነሱ በጋ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በክረምታቸው 11 ሰዓት ላይ ነው። የካሊፎርኒያው ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት። ከላይ የያዝነው ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት የተመረጠው ለሁለቱም ስለሚመች ነው፤ ለኒው ዮርኩ ከምሳ ወዲህ ነው፣ ለካሊፎርኒያው ረፋድ። ስብሰባ ሁሉ ወደነዚህ ሁለት ምሽቶች ይግባ። "የምትችይበትን ሰዓት ንገሪኝ" ሲባሉ "ሁልጊዜ እችላለሁ" ብሎ መመለስ አምስቱንም ምሽት አሳልፎ መስጠት ነው። ሁለት አማራጭ ብቻ አቅርቡ።

አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። እኛ አንቀይርም። ስለዚህ የእነሱ ቀጠሮ ሳይነካ የእናንተ እራት ሰዓት ይነካል። ቀኖቹን በስልካችሁ ላይ አስታዋሽ አድርጋችሁ ያዙ።

የማስረከቢያ ቀንም እንዲሁ። "ዓርብ የሥራ ሰዓት ማብቂያ" በኒው ዮርክ ማለት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው፤ ይህ ቃል የዓርብን ምሽት ከቤተሰብ ይወስዳል። "ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ታገኙታላችሁ" ካላችሁ ግን ለእነሱ ጠዋት የሆነው ለእናንተ ሰኞ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ደንበኛው ቅዳሜና እሑድ አያነበውም፣ ምንም አልጎደለበትም፤ እናንተ ደግሞ የሰኞን ጠዋት ለመጨረሻ ንባብ አተረፋችሁ።

ሰዓት ስትጽፉላቸው ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠርና የከተማውን ስም ጨምራችሁ ጻፉ። አዲስ አበባ ላለ ደንበኛ "3 ሰዓት" ጠዋት ነው፤ ለለንደኑ 3 ሰዓት ከሰዓት ነው። የአንድ ቀጠሮ መሳሳት ሁለት ምሽት ያስከፍላል።

ቤት ውስጥ ያለው ምልክት

ለልጆች "ሥራ ላይ ነኝ" የሚለው ቃል ትርጉም የለውም፤ የሚያዩት ነገር ይፈልጋሉ። ሰዓት ለማያነብ ልጅ በካርቶን ላይ የሰዓት ክብ ሳሉ፣ ሁለቱን ዘንጎች እናንተ የምትወጡበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ከግድግዳው ሰዓት ጎን ስቀሉት። "ሁለቱ ሲመሳሰሉ እወጣለሁ" በሉት። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል፣ እየሮጠም ሄዶ ያመሳክራል። ነገር ግን ዘንጎቹ ሲመሳሰሉ በእርግጥ መውጣት አለባችሁ፤ ሁለት ቀን ብታዘገዩ ካርቶኑ ዋጋ ያጣል። ስትወጡም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። ስልክ ይዞ ልጅ ማጫወት ለልጁም ለሥራውም አይሆንም።

የተለየ ክፍል ከሌለ፣ ብዙ ቤትም የለውም፣ አንድ ጥግ ይበቃል። ፊታችሁን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባችሁን ወደ ቤቱ አድርጉ። የደሴ ጠዋት ጣት ያደነዝዛል፤ እግር ሥር ወፍራም ምንጣፍ፣ ትከሻ ላይ ጋቢ፣ ጎን ላይ ፔርሙዝ ሻይ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ከሰል አቀጣጥላችሁ አትሥሩ። ጭሱ ባይታይም ከከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ ሽታም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ሲሰማ ሰው ሥራ ያደከመው ይመስለዋል፣ በዚያው ያሸልባል፣ ሰው ይሞታል። መስኮትና በር ክፍት ካልሆነ ከሰሉ ደጅ ይቅር።

ቡናን በተመለከተ፦ ከአቦል እስከ በረካ ከተቀመጡ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ጨዋታ ከደራ ከዚያም በላይ። ወሎ ውስጥ ቡና እንቢ ማለት አያስኬድም፣ ማለትም አይገባም። ሰዓቱን ግን መወሰን ይቻላል። የእናንተ ቤት ቡና ሁልጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት እንደሚፈላ ጎረቤት ካወቀ በሁለት ሳምንት ይለመዳል። በሌላ ሰዓት ሲጠሩ "አቦሏን ጠጥቼ ልነሳ፣ ሥራ ይዣለሁ" ብሎ አስፈቅዶ መነሳት ነውር የለውም። ለትልልቆች ቀድሞ መንገር ይሻላል፤ "እማማ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ እንደገባሁ ይቁጠሩኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይዘዙኝ" የሚል ሰው አይቀየሙትም። እንዲያውም ልጆቹን ከበር ላይ የሚመልሱት እሳቸው ይሆናሉ።

ፍሪላንስ የምትሠራው ሚስት ስትሆን አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ቤት ስላለች ምሳው፣ ውሃው፣ እንግዳው፣ የታመመው ልጅ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ሥራዋን የምትሠራው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ይህ አንድ ወር ያስኬዳል፣ ከዚያ ጤና ይነሳል። ሰማያዊ የተቀባው ሰዓት ላይ ምሳውንና ልጁን የሚይዘው ሰው ስም ካልተጻፈ ያ ሰዓት የላትም፤ ከ28ቱ ላይ ቀንሱት። ባልየው ማታ የሚገባ ከሆነ የሁለቱ ምሽት እራትና ልጆችን ማስተኛት የእሱ ነው።

መብራት ሲጠፋ

መብራት የሚጠፋበት ቀን ባይታወቅም መጥፋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዝግጅቱ የሳምንቱ አካል ነው። ማታ ከመተኛት በፊት ላፕቶፕ፣ ስልክና ፓወር ባንክ ይሰኩ። 50 ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ጽሑፍ ብቻ ከተሠራበት፣ የስክሪኑ ብርሃን ከቀነሰ፣ 3 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ቪዲዮ ከተቀነባበረበት አንድ ሰዓት ላይሞላ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ሥራ ተዘዋወሩ።

20,000 ሚሊአምፕ ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ በወረቀት 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር ወደ ላፕቶፑ የሚደርሰው 45 ወይም 50 ነው። ላፕቶፕ የሚሞላውም በዩኤስቢ ሲ 45 ወይም 65 ዋት የሚያወጣ ከሆነ ብቻ ነው። ለስልክ የተሠራውን ገዝቶ ለላፕቶፕ የሚሰካ ብዙ ነው፤ አይሞላለትም። ራውተሩ 10 ዋት ገደማ ብቻ ስለሚፈልግ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ለጥቂት ሰዓት ያቆየዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩን ገልብጣችሁ 9 ቮልት ይሁን 12 ቮልት አንብቡ፤ ለ9 ቮልት የተሠራ ራውተር 12 ቢገባበት ሊቃጠል ይችላል።

ሰፈሩ ሁሉ ለብዙ ሰዓት መብራት ሲያጣ የስልክ አንቴናዎቹም ባትሪያቸው እየተዳከመ ኔትወርኩ ይዳከማል። ስለዚህ መብራት በጠፋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በስልክ ሆትስፖት የተጠናቀቀውን ፋይል ላኩ፣ የሚያስፈልገውን አውርዱ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን ዘግታችሁ ሥሩ። በስልክ ዳታ ስብሰባ ከሆነ ካሜራውን አጥፉ፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ወደ 1 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል፣ ድምፅ ብቻ ከሆነ በጣም ያነሰ ነው።

መብራት ጠፍቶ የቆየውን ሰዓት ሌሊት ለማካካስ አትሞክሩ። ለዚህ ነው አንድ አምስተኛው የተቀመጠው። ሌሊት 8 ሰዓት የተኛ ሰው በማግሥቱ የጠዋቱን 3 ሰዓት ተኩል ያጣል፤ ማካካሻው ሌላ ማካካሻ ይወልዳል።

ለቅሶና ሕመም

የቅሬ ጥሪ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም የቀረ ሰው በክፉ ቀኑ ብቻውን ይቀራል። ለደንበኛው ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ያለበት መልእክት ላኩ፦ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር፣ ሥራው የት እንደደረሰ፣ አዲሱ ማስረከቢያ ሰዓት። ያለቀውን ግማሽ አያይዛችሁ ብትልኩ የበለጠ ያረጋጋዋል። መልእክቱን በሰላሙ ቀን ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ በድንጋጤ ጊዜ የሚጻፍ መልእክት ይረዝማል።

ጾምና ክረምት

በረመዳን ሳምንቱ ይገለበጣል። ከሱሑርና ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ጸጥ ያለ ስለሆነ ከባዱን ሥራ እዚያ አድርጉ፣ ከሰዓት ተኙ። የኢፍጣር ሰዓት በኒው ዮርክ ረፋድ ላይ ስለሚውል ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ወሩን ሙሉ በቀይ ይዘጋ፤ ደንበኛውም ከወሩ በፊት ይወቅ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ማብሰሉ ይቀላል፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ቤቶች ግን የቀኑ ምግብ ወደ 9 ሰዓት ስለሚሄድ የከሰዓቱ ሥራ ከ10 ሰዓት በኋላ ይጀምር፣ ቡናውም አብሮ ይገፋ።

ሐምሌና ነሐሴ ለብቻቸው ናቸው። ትምህርት የለም፣ ልጆቹ ቤት ናቸው፣ ደሴ ላይ ዝናቡና ጉሙ ደጅ አያስወጣቸውም። የጠዋቱ 17 ሰዓት ተኩል በግማሽ ይወርዳል ብላችሁ አስሉ። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ጋር ተራ መግባት ይረዳል፦ ሰኞና ረቡዕ የሁለቱም ቤት ልጆች እናንተ ዘንድ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እነሱ ዘንድ። ልጆች እናንተ ዘንድ በሚውሉበት ቀን መልእክትና ሒሳብ ብቻ ያዙ። ለቋሚ ደንበኞች የክረምቱን ሰዓት በሰኔ አጋማሽ ንገሯቸው፣ ከባዱን ሥራ ከዚያ በፊት አስጨርሱ፤ በመስከረም ትምህርት ቤቱ የፈረቃ ድልድሉን እንዳወጣ ወረቀቱን ከመጀመሪያው አውጥታችሁ ሥሩት።